የኮንሶሊዴሽን ስሌት ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ኮንሶሊዴሽን ውሃ የጠገበ አፈር ሲጫን በቀዳዳዎቹ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ እየወጣ አፈሩ የሚኮማተርበት ሂደት ነው። የኮምፒውተር ስሌቱ ሲበላሽ የሚታዩት ምልክቶች ከነመንስኤያቸው እነሆ።

ቁጥሮቹ ይፈነዳሉ። የቀዳዳ ውሃ ግፊቱ ከነጥብ ነጥብ አንዴ ፖዘቲቭ አንዴ ኔጌቲቭ እየሆነ በየእርምጃው የሚያድግ ከሆነ፣ ኤክስፕሊሲት ፋይናይት ዲፈረንስ (አፈሩን በነጥቦች ከፍሎ የሚቀጥለውን ግፊት ካለፈው እርምጃ በቀጥታ የሚያሰላ ዘዴ) እየተጠቀማችሁ መሆን አለበት። ሲቪን (አፈሩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚኮንሶልድ የሚለካውን ኮፊሸንት) በጊዜ እርምጃው አባዙና ለነጥቦቹ ርቀት ካሬ አካፍሉት፤ ውጤቱ ከ0.5 መብለጥ የለበትም። ሲቪ በዓመት 2 ካሬ ሜትር፣ ርቀቱ 0.25 ሜትር ቢሆን የጊዜ እርምጃው ጣሪያ 5.7 ቀን ገደማ ነው። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሱ ጣሪያው ወደ ሩብ ይወርዳል። ሜሹን (የነጥቦቹን መረብ) አጥብቦ ይህን የረሳ ሰው ትናንት የሠራለት ፕሮግራም ዛሬ ይፈነዳበታል።

ውሃ በሚወጣበት ጠርዝ አጠገብ ግፊቱ ይዋዥቃል። ፋይናይት ኤለመንት (አፈሩን ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ የሚያሰላ ዘዴ) ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጭነቱ እንዳረፈ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግፊቱ ከትክክለኛው በላይና በታች ይዘላል። «እርምጃውን ላሳጥረው» ሲባል ይብስበታል። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት ግፊቱ ጠርዙ ላይ ዜሮ፣ ጥቂት ገባ ሲሉ ደግሞ ጭነቱን ያህል ነው፤ አንድ ሰፊ ኤለመንት ይህን ድንገተኛ ለውጥ መያዝ አይችልም። ተመራማሪዎቹ ቨርሚር እና ቨርዩት በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የጊዜ እርምጃው ወለልም አለው፦ ለሊኒየር ኤለመንት (በውስጡ ግፊቱ በቀጥታ መስመር ለሚለወጥበት) እና ለሙሉ ኢምፕሊሲት ስሌት (የእርምጃውን መጨረሻ ግፊት ቀመር ፈትቶ ለሚያገኝ) የኤለመንቱ ርዝመት ካሬ ለሲቪ 6 እጥፍ ይካፈላል። በላይኞቹ ቁጥሮች 1.9 ቀን ገደማ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውጤት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ እርምጃውን አስረዝሙ። ካስፈለጋችሁ ጠርዙ አጠገብ ያሉትን ኤለመንቶች ብቻ አሳንሱ። እኔ የምመርጠው ይህንኛውን ነው፤ የተቀረውን ሜሽ ስለማይነካ የሚጨምረው የስሌት ጊዜ ትንሽ ነው።

ውዥዋዜው በጊዜ ከሆነና ዘዴው ክራንክ-ኒኮልሰን (የእርምጃውን መጀመሪያና መጨረሻ አማካይ የሚወስድ) ከሆነ፣ ስሌቱ አይፈነዳም፤ ግን የመነሻውን ድንገተኛ ለውጥ ቶሎ አያረግብም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች በባክዋርድ ኦይለር፣ ማለትም በሙሉ ኢምፕሊሲቱ ዘዴ፣ አስኪዱ።

ግፊቱ በመላው ሜሽ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይቀያየራል። እርምጃው ከወለሉ በላይ ሆኖም እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የኤለመንቱ ነው፦ በኤለመንቱ ውስጥ ለአፈሩ እንቅስቃሴና ለግፊቱ እኩል ደረጃ ያለው ፖሊኖሚያል ሰጥታችኋል። ታይለር-ሁድ ኤለመንት፣ ማለትም እንቅስቃሴው ኳድራቲክ ግፊቱ ሊኒየር የሆነ፣ ይፈታዋል።

ግፊቱ ከመነሻው በላይ ይወጣል። በሁለት ወይም በሦስት አቅጣጫ በሚሠራ የቢዮት ሞዴል (የአፈሩን እንቅስቃሴና የውሃ ግፊቱን አብሮ የሚፈታ) መሃል ላይ ከታየ ለመጠገን አትቸኩሉ። ዳር ያለው አፈር ቀድሞ ውሃውን ለቅቆ ሲኮማተር መሃሉን ይጨምቀዋል። ማንዴል በ1953 እ.ኤ.አ.፣ ክራየር በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳዩት እውነተኛ ክስተት ነው። ጭነቱ ሳይጨመር በቴርዛጊ ባለ አንድ አቅጣጫ ስሌት ላይ ከታየ ግን ስህተት ነው።

ኩርባው ለስላሳ ነው፣ ጊዜው ግን አይገናኝም። ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያማረ ግራፍ ማንም አይጠረጥርም። የአንድ አቅጣጫ ሙከራ አስኪዱ፦ ሲቪ ሲባዛ በጊዜ፣ ለውሃው መንገድ ርዝመት ካሬ ሲካፈል፣ 50 በመቶ ኮንሶሊዴሽን በ0.197፣ 90 በመቶው በ0.848 መድረስ አለበት። ልክ 4 እጥፍ ከተዛባችሁ፣ ከላይም ከታችም ውሃ የሚያስወጣውን ሽፋን በአንድ ወገን ብቻ አስልታችኋል፣ ወይም በተቃራኒው። ልዩነቱ በሚሊዮኖች ከሆነ ሲቪ በዓመት ተሰጥቶ ጊዜው በሰከንድ ገብቷል።

ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ መሬት ላይ ከተለካው ጋር ካልተስማማ፣ አፈሩ ውሃ የጠገበ መሆኑን አረጋግጡ። በበጋ የተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ የቴርዛጊ ስሌት አይሠራም፤ በቀዳዳዎቹ አየር ስላለ ሌላ ሞዴል ያስፈልጋል።