ተዳፋት ግቢ ላይ የተቀመጠ የውሃ ታንከር ሲያዘነብል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሮቶ፣ ማለትም የፕላስቲክ የውሃ ታንከር፣ የሌለበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል፤ ለመቀመጫው የሚሰጠው ትኩረት ግን ለታንከሩ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። ባዶውን ሁለት ሰው የሚያነሳው የ2,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። ስለሆነም ባዶ ሳለ ቀጥ ብሎ መቆሙ መቀመጫው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ታንከሩ ሲሞላ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል

የግቢ ወለል የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ሆን ተብሎ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ይህም በ1.5 ሜትር ስፋት ላይ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። ብዙ ሰው ልዩነቱን ንቆ በዝቅተኛው በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የሳንቃ ቁራጭ ይሸጉጣል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ታንከሩ የተሠራው መላ ታችኛው ክፍሉ መሬት ይዞ እንዲያርፍ በመሆኑ፣ ድንጋይ ሲገባበት ክብደቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ይወድቅና የቀረው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ በሞላና በጎደለ ቁጥርም እየተለጠጠ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

መስተካከል ያለበት መቀመጫው ነው። ታንከሩ ባዶ ተደርጎ ከተነሳ በኋላ ነባሩን ወለል በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማዳመጥ ይገባል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ሥሩ ስለተቦረቦረ መፍረስ አለበት። ጤነኛ ከሆነ ግን አዲሱ አርማታ እንዲይዝ ፊቱ በመሮ ተጎርጉሮ፣ አቧራው ታጥቦና ርሶ ይዘጋጃል። ከታንከሩ ስፋት በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ የሳንቃ ቅርጽ ይመታል። አጭር ውሃ ልክ ብቻውን ያሳስታል፤ በረጅም ስታጃ፣ ማለትም ቀጥ ባለ ማስተካከያ ዘንግ፣ ላይ አስቀምጦ ማንበብ፣ ወይም ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ተጠቅሞ በሁለቱ ጫፎች ውሃው የቆመበትን ከፍታ ምልክት ማድረግ ይሻላል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኩ ይዛባል። አርማታው በ1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋና 3 ጠጠር ተቦክቶ፣ ነባሩ ወለል ከፍ በሚልበት በኩል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ይሞላል። ከዚያም እርጥብ ጆንያ ለብሶ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል፤ ታንከሩን እስከ አፉ ለመሙላት ግን 28 ቀን መጠበቅ ይመረጣል።

መቀመጫው መጀመሪያ ልክ ነበር፣ ከክረምት በኋላ ሰመጠ

እዚህ ላይ ጥፋቱ ከአርማታው በታች ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ተሸብሽቦ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የፈሰሰ አርማታም የቱንም ያህል ቢወፍር አብሮት ይንቀሳቀሳል። አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት፣ የማያብጥ የሙሌት አፈር)፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እያርከፈከፉና እየጠቀጠቁ መሙላት ያስፈልጋል።

በተዳፋት ግቢ ግን ይበልጥ የሚያጋጥመው መቀመጫው ግማሹ በተቆረጠ መሬት፣ ግማሹ በተደለደለ ሙሌት ላይ ማረፉ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ስንጥቁ ከላይ ወደ ታች አይወርድም፣ ቆረጣውና ሙሌቱ የተገናኙበትን መስመር ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል። በሲሚንቶ መድፈን ቢበዛ እስከሚቀጥለው ክረምት መሸፈን ነው። ቦታ ካለ ወደ ላይ በኩል ቆርጦ መቀመጫውን ሙሉ በሙሉ በነባር መሬት ላይ ማሳረፍ ከሁሉ ይሻላል። ካልሆነ በታችኛው በኩል የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ተሠርቶ ሙሌቱ እንደገና ይጠቀጠቃል፤ ግንቡ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ለመሐንዲስ ማሳየት ግድ ነው።

የመቀመጫው ጠርዝ ሥር አፈር ይሸረሸራል

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የትርፍ ውሃ ማስወጫው እዚያው ሥር መጣሉ ነው። በቧንቧ ወደ ቦይ መውሰድ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ጎርፍ የሚመልስ ትንሽ ቦይ መቅደድ ይበቃል።

የመውጫው መጋጠሚያ ያፈሳል

ቴፍሎን (በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ነጭ ቴፕ) መጨመርና ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ታንከሩ ሲሰምጥ የማይታጠፈው ቧንቧ መጋጠሚያውን እየጎተተው ከሆነ ማጥበቁ ይሰብረዋል። መቀመጫው ከተስተካከለ በኋላ በታንከሩና በቧንቧው መካከል አጭር ፍሌክሲብል፣ ማለትም የሚተጣጠፍ ቱቦ፣ ይግባ። ታንከሩም በመጀመሪያ እስከ ግማሽ ተሞልቶ ይደር፤ በማግስቱ የመቀመጫው ጠርዝ በስታጃና በውሃ ልክ ዳግም ተለክቶ ለውጥ ካልታየ ይሞላ።