«ራሱ ነው ያመጣው» ከማለት በፊት፦ ስለ ልብ ሕመም የምንሳሳታቸው ነገሮች

የልብ ሕመም የአለቃ በሽታ ነው ማለት። ቶሎ የሚታየን ስብሰባ የማያልቅበት፣ ስልኩ የማያርፍ ሥራ አስኪያጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ሲከታተል፣ ከታች ያሉት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች ከላይኞቹ ሹማምንት ከ3 እጥፍ በላይ በልብ ሕመም ሲሞቱ አገኘ። የሚገርሙት ደግሞ መሐል ያሉት ናቸው። ደሞዛቸው ደህና ነው፤ ግን እነሱም ከበላያቸው ካሉት ይብስባቸው ነበር።

«ሲጋራውን ቢተው ኖሮ!» ብሎ ወሬውን መዝጋት። ሲጋራ ልብ ይጎዳል፣ ክርክር የለውም። ከታች ያሉትም ይበልጥ ያጨሱ ነበር። ሆኖም ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ተደምረው የልዩነቱን ግማሽ እንኳ አላብራሩም። ሕክምናው ደግሞ ለሁሉም ነፃ ነበር። በ1985 የተጀመረውና ሴቶችንም ያካተተው ሁለተኛው ጥናት ሌላ ነገር ጠቆመ፦ በገዛ ሥራው ላይ የመወሰን መብት የሌለው ሰው ልቡ ይበልጥ ይታመማል።

«ተንቆ የታመመ የለም» ማለት። ሱቅ በገባ ቁጥር ጥበቃ ከኋላ ከኋላው የሚከተለውን ሰው አስቡት። ገና ከቤት ሳይወጣ ልብሱን ይመርጣል። ቢጠይቁት የሚመልሰውን ያሰላስላል። ዕቃ ከገዛ ደረሰኙን በእጁ ይዞ ነው የሚወጣው። ማንም ምንም ሳይለው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች ሥራ ጀምረዋል። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል። አንድ ቀን ቢሆን ያልፋል። ለዓመታት ሲደጋገም ግን የደም ሥር ይጎዳል። ግፊት ማታ በእንቅልፍ ሰዓት ዝቅ ማለት ነበረበት፤ አድልዎ በሚደርስባቸው ሰዎች ላይ ግን በደንብ እንደማይወርድ ያሳዩ ጥናቶች አሉ።

ሐኪም ቤት ውስጥ አድልዎ የለም ብሎ ማሰብ። ሴት «ትንፋሽ አጠረኝ፣ መንጋጋዬንና ጀርባዬን አመመኝ» ስትል «ጭንቀት ነው» ተብላ የምትሸኝበት ጊዜ አለ። የደረት ሕመም በሴቶችም ዋናው ምልክት ነው፤ እነዚህኞቹ ግን ከወንዶች ይልቅ በእነሱ ላይ ይበዛሉ። ቢያንስ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ሳትነሳ መመለስ የለባትም።

«አትጨነቅ» ብሎ መምከር። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይሄ ስድብ ቢጤ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚተኛና መድኃኒቱን የሚገዛበት እንዳለው መጠየቅ ይሻላል።

«ጥፋቱ የኑሮው ነው» ብሎ ኪኒን ማቆምም አለ። ይሄኛው ከሁሉም ይከፋል። ከፍተኛ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ኩላሊቱም ልቡም ይጎዳሉ። ስለዚህ ግፊቱን ይለካ፣ የታዘዘለትን ይዋጥ፤ ስለ አድልዎውም ዝም አይበል።