የቡሽ መክፈቻ ሙዚየም ስትገቡ እነዚህን አታድርጉ

ፈረንሳይ ያለ ዘመድ ጠርቷችሁ ፕሮቫንስ ከደረሳችሁ ሜኔርብ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ዶሜን ደ ላ ሲታዴል የተባለ የወይን እርሻ ውስጥ ከ1000 በላይ የቡሽ መክፈቻ የተደረደረበት ሙዚየም ታገኛላችሁ። አዎ፣ የቡሽ መክፈቻ ብቻ! ጠጁን ከጋን ወደ ብርሌ ሲቀዳ እያየ ላደገ የጎጃም ሰው ነገሩ ቀልድ ሊመስል ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት የእርሻውን የወይን ቅምሻ ማስቀደም ነው። ሞቅ ብሏችሁ ከገባችሁ ሁሉም አንድ ይሆንባችኋል።

ሁለተኛው፣ የቡሽ መክፈቻን ወይን ጠማቂ የፈጠረው ነው ብሎ ማሰብ። ጠምዛዛው ሽቦ ጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ የተቀረቀረ ጥይት ከሚያወጣ መሣሪያ የመጣ ነው ይባላል። ጠመንጃ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህን ለማመን ብዙ አይቸገርም መቼም።

ግዙፉን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ። የጣት ያህል የሆኑት ትንንሾቹ መጫወቻ አይደሉም፤ ድሮ ሽቶውም መድኃኒቱም በቡሽ ይከደን ስለነበር ለእነዚያ ጠርሙሶች የተሠሩ ናቸው። እጀታው ጫፍ ላይ ያለውንም ብሩሽ ጌጥ እንዳትሉት። ከጠርሙሱ አንገት አቧራና የተሰባበረ ሰም የሚጠረገው በእሱ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የሄንሻል ነው። ሳሙኤል ሄንሻል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር፣ በ1795 የፈጠራ መብት አወጣበት። ከሩቅ ሲታይ ተራ መክፈቻ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ሽቦው ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን እዩ፣ ትንሽ ክብ ብረት አለች። ሽቦው ገብቶ ሲያልቅ እሷ ቡሹ ላይ ታርፍና መዞሩ ሲቀጥል ቡሹንም ይዛው ትዞራለች፣ ከጠርሙሱ ጋር ተጣብቆ የቆየው ቡሽ ያኔ ይላቀቃል። ከዚያ መጎተት ነው። ብዙ ሰው ይህቺን ሳያያት ይወጣል፣ ያሳዝናል።

ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ የምታስተናግዱ ደግሞ ታጣፊዋን መክፈቻ «ይቺማ ኪሴ ውስጥ አለች» ብላችሁ አትለፏት። ካርል ቪንከ የተባለ ጀርመናዊ በ1882 ያስመዘገባት ናት። ቢላዋ፣ ሽቦና መፈንቀያ በአንድ ላይ፣ እስከ ዛሬም ብዙ አልተለወጠችም።

ገዝታችሁ ስትመለሱ ቢላዋ ያለው ከሆነ በእጅ ሻንጣ አትያዙት። ፍተሻ ላይ ይቀራል።