የሄሞፊሊያ ተሸካሚ ሆነሽ የምትደሚ ከሆነ ካርድሽ ላይ ምን ይጻፍ?

ልጅሽ ወይም ወንድምሽ ሄሞፊሊያ (ደም በደንብ እንዳይረጋ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ካለበት አንቺም ተሸካሚ፣ ማለትም የበሽታውን ዘረ መል የያዝሽ፣ ልትሆኚ ትችያለሽ። «ተሸካሚ ናት፣ እሷን አይነካትም» የሚባለው ነገር ብዙ እህቶቻችንን ጎድቷል። ተሸካሚም ትደማለች። ደብረ ብርሃንም ታከሚ መሃል ሜዳ፣ ይህ ካርድሽ ላይ መስፈር አለበት።

ከቤት ጀምሪ። የወር አበባሽ የመጣበትንና የሄደበትን ቀን፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደቀየርሽ መዝግቢ። ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ሞዴሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሞላ ብዙ ነው። ጥርስ ስትነቀዪ ደም አልቆም ብሎሽ ከነበረ ጨምሪበት። «እናቴም እንዲሁ ነበረች» ብለሽ አትለፊው፤ እሱንም ጻፊው።

ቀጥሎ የፋክተር (ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፕሮቲን) ምርመራ ነው፦ ለሄሞፊሊያ ኤ ፋክተር 8፣ ለቢ ፋክተር 9። በአቅራቢያሽ ከሌለ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጠይቂ። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ አጠራር መሠረት ውጤትሽ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ሄሞፊሊያ አለብሽ ማለት ነው፤ «ተሸካሚ» ብሎ መተው አይበቃም። 40 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የምትደሚ ከሆነ «ምልክት ያላት ተሸካሚ» ትባያለሽ።

ሐኪሙን «መድማቴንም ይጻፉልኝ» በይው። ኮድ የሚሞላው ባለሙያ የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። በአሜሪካው አይሲዲ-10 (የበሽታዎች የኮድ ዝርዝር) ምልክት የሌላት የሄሞፊሊያ ኤ ተሸካሚ ዜድ14.01፣ ምልክት ያላት ዜድ14.02 ናት። ሄሞፊሊያ ኤ ራሱ ዲ66፣ ቢ ደግሞ ዲ67 ነው።

አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅሩብሽ፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ጡንቻ ላይ መርፌ ከመወጋትሽ በፊት ተናገሪ። የወር አበባሽ ከበዛ ስለ ትራኔክሳሚክ አሲድ (መድማትን የሚቀንስ መድኃኒት) ጠይቂ፣ የደም ማነስም ተመርመሪ።

ካረገዝሽ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ፋክተር 8 በእርግዝና ከፍ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ይወርዳል፤ ፋክተር 9 ግን ብዙም አይነሳም። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እንደገና ይለካ። ሆስፒታል ውለጂ፤ ሕፃኑ በቫኪዩም (ጭንቅላቱን ይዞ በሚስብ መሣሪያ) እንዳይሳብ አስቀድመሽ አስጽፊ። ወንድ ከሆነ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። በስምንተኛው ቀን ይገረዝ ሲባል፣ የእትብቱ ደም ተመርምሮ ውጤቱ ሳይታወቅ እሺ አትበይ። አያቶቹን ገና ሳትወልጂ አሳምኛቸው፣ ያኔ ጭቅጭቁ ይቀልልሻል።

አራስ ቤትም ደም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊመለስ ይችላል። ጠያቂ በበዛበት ቤት መናገር ያሳፍራልና ለእናትሽ ወይም ለባለቤትሽ ቀድመሽ ንገሪ፤ ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ከሞላ ካርድሽን ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ያድርሱሽ።