መድኃኒት እየወሰደ የሚጥለው ውሻ

ውሻ ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ አረፋ ሲደፍቅና ሽንቱን ሲለቅ ያየ ሰው «የሚጥል በሽታ ነው» ለማለት ሐኪም አያስፈልገውም። ሐኪም የሚያስፈልገው የሚጥል በሽታ የሚመስሉትን ለመለየት ነው። እነሱን ቶሎ ቶሎ ልጥራቸው።

ድንገት እግሮቹ እንደ እንጨት ከደረቁና በር ሲዘጋ እንኳ ከተወራጨ፣ ስትሪክኒን የሚባለውን የውሻ መግደያ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ፈልጉ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ። ቡችሎች የምታጠባ እናት ከተንቀጠቀጠች ካልሲየም አልቆባት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቡችላ ከሆነ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለሐጩ እየተዝረበረበ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ለቁንጫ ብላችሁ የሰብል መድኃኒት ቀብታችሁት እንደሆነ አስቡ። ለጫትና ለአትክልት የሚረጨውን ውሻ ላይ የሚያፈስ ሰው አሁንም አለ። ኧረ ተዉ!

ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ ተለውጦ መዋጥ ካቃተው የእብድ ውሻ በሽታን ጠርጥሩ። አፉን አትንኩ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ፣ መጣሉ የጀመረው ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሆነና ውሻው በመሃል ፍጹም ጤነኛ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ ክኒን ይታዘዛል። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ታዲያ መድኃኒት ላይ ያለ ውሻ ለምን ይወድቃል?

መድኃኒቱ እየተሰጠ መጣሉ ከቀጠለ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም። የአሰጣጡ ነው።

የተለመደው መነሻ መጠን ለ1 ኪሎ ክብደት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊግራም ነው፣ በየ12 ሰዓቱ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከ100 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ ማለት ነው። የእኛ ሰዓት ለዚህ ምቹ ነው፦ ጠዋት 12፣ ማታ 12። ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የአንድ ግቢ ውሻ በየሳምንቱ ይወድቅ ነበር። ባለቤቶቹ «አንድም ቀን አልዘለልንም» ይምላሉ። መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን ነው? ዘበኛው። ዘበኛው መቼ ይመጣል? ማታ። ስለዚህ ሙሉውን ክኒን በአንዴ ማታ ይሰጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። ለሰው በቀን አንዴ የሚታዘዝ ቢሆንም የውሻ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ ያስወግደዋል፣ ሲለምደው ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ክኒኑን ለሁለት ከፍለን የጠዋቱን ለሠራተኛዋ ሰጠናት። መጠኑ አልተጨመረም፣ መውደቁ ግን ቀነሰ።

ሌላው ቤት ደግሞ ክኒኑን በእንጀራ ጠቅልለው ይወረውሩለታል። ውሻው እንጀራውን ይውጣል። ግቢውን ስናይ ከውኃው በርሜል ጀርባ ክኒኖቹ ተደርድረዋል፣ ገሚሱ ረጥቦ እንደ ኖራ መሬቱ ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ ባዶ ጉርሻ፣ ከዚያ ክኒን ያለበት ጉርሻ፣ ወዲያው ሌላ ባዶ አስከትሉ። እስኪውጥ ቆማችሁ እዩ። ወርውሮ መሄድ መስጠት አይደለም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «ዳነ» ተብሎ የሚቆም መድኃኒት ነው። ሦስት ወር ሳይወድቅ ይቆያል፣ ቤተሰቡ ለበዓል አገር ቤት ይሄዳል፣ ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሲመለሱ ውሻው እየወደቀ፣ ሳይነቃ ደግሞ እየወደቀ ያገኙታል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ከመጀመሪያው የባሰ መጣል ያመጣል፣ ይገድላልም። አታቋርጡ። ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማዘዣ አውጡ። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣ አታገኙትም፤ ቅዳሜ ማታ አልቆባችሁ ብትደውሉልኝ ምን ላድርግላችሁ? መቀነስ ካስፈለገም በሐኪም፣ በወራት ውስጥ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

«አንድ ሳምንት ሰጠነው፣ ምንም የለም» የሚሉም አሉ። በደም ውስጥ መጠኑ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ይተኛል፤ ያልፋል። ጥሙና ረሃቡ ግን ይቀጥላል። ሊጥ ያለበትን ቡሃቃ ክደኑ፣ ጥሬ ሊጥ ሆዱን ይነፋዋል። ውኃ ግን አትከልክሉት። በየ6 ወሩ ጉበቱ ይታይ፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ምግብ ከተወ በዚያኑ ቀን አምጡት።

በትክክል እየተሰጠው ከወደቀ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል ወይም እንደ ፖታሲየም ብሮማይድና ሌቬቲራሴታም ያለ ሁለተኛ መድኃኒት ይደርባል። ዲያዜፓም የሚባለውን የሰው ማረጋጊያ መድኃኒት በየቀኑ ማዋጥ መፍትሄ አይደለም፤ በውሻ ሰውነት ውስጥ አይቆይም።

እየጣለው እያለ

ክብሪት አታሽትቱት። ሎሚ አትጭመቁበት፣ ጠበል አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ትን ይለዋል። ምላሱን አይውጥም፣ እጃችሁን አውጡ። ከደረጃና ከድንጋይ አርቁት፣ ሰዓት ያዙ፣ በስልክ ቅረጹ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ከጣለው ድንገተኛ ነው። ሐኪማችሁ በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም ካዘዘላችሁ በመጣበት ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ (አምፑል) አስቀምጡት፣ ከብርሃን አርቁት። በሲሪንጅ ቀድታችሁ አታቆዩ፤ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይመጠዋል። ስትሰጡ መርፌውን ንቀሉ። ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ ስለማያውቃችሁ ሊነክስ ይችላል፣ ልጆችን አርቁ። ወደ እኔ ስትመጡ የወደቀባቸውን ቀናት የጻፋችሁበትን ደብተርና የቀራችሁን ክኒን ይዛችሁ ኑ። ክኒኑን እቆጥረዋለሁ።