የናቫራትሪ ካላሽ በቤት ውስጥ እንዴት ይተከላል?

ሂንዱዎች እናት አምላክን፣ ዴቪን፣ በቤታቸው ከሚያመልኩባቸው በዓላት ትልቁ ናቫራትሪ ነው። ዘጠኝ ሌሊት ይቆያል፤ ዋናው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ ሌላው በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ይውላል። አከባበሩ እንደየአገሩ ይለያያል። በቤንጋል ዱርጋ የምትባለው የዴቪ ገጽታ ታላላቅ የጭቃ ምስሎች ይሠራሉ፤ ዱርጋ ፑጃ የሚባለው የኮልካታው አከባበር እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በታሚል ናዱ አሻንጉሊቶች ቁጥራቸው ጎዶሎ በሆነ ደረጃ ላይ ይደረደራሉ። በጉጃራት ደግሞ በሸክላ ውስጥ በበራ መብራት ዙሪያ ሌሊቱን ይጨፈራል። እዚህ የምንገልጸው የሰሜን ሕንድ ቤተሰቦችን ሥርዓት ነው፤ ውሃ የተሞላ ማሰሮ (ካላሽ) ተክሎ በአጠገቡ ገብስ ማብቀል።

ካላሹ አንዴ ከተተከለ ዴቪ በእንግድነት ቤት ገብታለች ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠዋት የሚገቡት ቃል (ሳንካልፓ) ዘጠኙን ቀን ሙሉ ሊጠብቁት በሚችሉት ልክ ይሁን። ትንሽ ጀምሮ መፈጸም፣ ብዙ ጀምሮ በአራተኛው ቀን ከማቋረጥ እጅግ ይሻላል።

ሰዓቱና ቦታው

ተከላው በመጀመሪያው ቀን፣ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ባለው የቀኑ የመጀመሪያ ሲሶ ይፈጸማል። ያ ካመለጠ እኩለ ቀን ላይ አቢጂት የሚባል 48 ደቂቃ ያህል ጊዜ አለ። ሌሊት አይተከልም። ከሕንድ ውጭ ያለ ሰው የዴልሂን ሰዓት እንዳለ መገልበጥ የለበትም፤ የጨረቃ ቀን የሚጀምርበት ሰዓት በየአገሩ ስለሚለያይ ለሚኖርበት ከተማ የተሰላ ፓንቻንግ (የሂንዱ የቀን መቁጠሪያ) ይመልከት። ቦታው የቤቱ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ቢሆን ይመረጣል። ዝቅ ያለ የእንጨት መቀመጫ ላይ ቀይ ጨርቅ አንጥፈው የዱርጋን ምስል ያስቀምጡ።

ገብሱ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ገብሱ መሸፈኛው ያልተነሣ፣ የዘር ገብስ መሆን አለበት። ለምግብ የተፈተገ ገብስ ፅንሱ ስለተጎዳ አይበቅልም፤ ሱቅ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሸጠው አብዛኛው ይኸው ነው። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይሞክሩት። በአራት ቀን ውስጥ አሥራ አምስቱ ካልጎነቆሉ ሌላ ገብስ ይፈልጉ።

ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን 100 ግራም ገብስ ይበቃል። ብቅል እንደሚዘፈዘፈው ሁሉ ማታ በውሃ ዘፍዝፈው ጠዋት ያጥልሉት፤ ከ12 ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ከቆየ አየር አጥቶ መሽተት ይጀምራል። ሁለት እጅ ንጹሕ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉ። ሳህኑ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሰው ዘሩን ሳይደራረብ ይበትኑ፣ ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ይነስንሱበት።

ገብስ የሚበላሸው ባብዛኛው ከጥማት ሳይሆን ከውሃ ብዛት ነው። ሳህኑ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም፤ በየጸሎቱ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ማንኪያ ሲያፈስበት በሦስተኛው ቀን ከታች ረግረግ ይሆናል፣ በአምስተኛው ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ውሃውን የሚያጠጣ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። ጠዋት ጠዋት በእጅ ይርጭ፣ ማታ አያጠጣ። በጣት ሲነካ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ያን ቀን ይለፈው። ሻጋታ ከታየ የተበላሸውን በማንኪያ አንሥቶ ቦታውን በደረቅ አሸዋ መሙላት ይቻላል። የቡቃያው መርዘም ወይም መቀጨጭ ለመጪው ዓመት ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በደንብ ያልበቀለ ገብስ ሰውን ሊያስደነግጥ አይገባም እንላለን፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ነው።

ቡቃያው አረንጓዴ እንዲሆን ከፈለጉ ብርሃን ያግኝ። በኔፓል በዳሻይን በዓል ጃማራ የሚባለውን ቡቃያ ጨለማ ውስጥ ስለሚያሳድጉት ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ እሱም የራሱ ውበት አለው።

ማሰሮው

መዳብ፣ ናስ ወይም ሸክላ ይሁን። ብረት አይመከርም። አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሥረው ንጹሕ ውሃ እስከ አንገቱ ይሙሉ፤ የቅዱሱ የጋንጅስ ወንዝ ውሃ ካለ ጥቂት ጠብታ ይጨመርበታል። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ሱፓሪ የሚባል ደረቅ ፍሬ፣ ጥቂት እርድና ያልተሰበረ ሩዝ ውስጡ ይግባ። አምስት የማንጎ ቅጠሎች ግንዳቸው ውሃው ውስጥ፣ ጫፋቸው ወደ ውጭ ሆኖ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ከዚያ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮኮናት አፉ ላይ ይደረጋል። በሰሜኑ ልማድ ኮኮናቱ ከዛፉ ጋር የተያያዘበት ጫፍ ወደሚያመልከው ሰው ይዞራል፤ በደቡብ ሕንድ ደግሞ ጭራው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቤተሰብዎን ልማድ ይከተሉ።

ብዙዎች ማሰሮውን ገብሱ መካከል ያስቀምጡታል። አፈሩ ሲርስ ማሰሮው ይሰምጥና ያዘነብላል፣ ኮኮናቱም ይንከባለላል። በዚህ መንገድ ከሆነ መካከሉ ላይ ዘር አይበትኑ፤ ከማሰሮው ሥር ጠፍጣፋ የሸክላ ክዳን ያድርጉ። የእኛ ምርጫ ግን ማሰሮውን ከሳህኑ አጠገብ በሩዝ ክምር ላይ ማስቀመጥ ነው።

መብራቱ

ዘጠኝ ቀን ሳይጠፋ የሚነድ መብራት (አካንድ ጂዮቲ) ግዴታ አይደለም። ቀን ቀን ባዶ በሚሆን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከር፤ ጠዋትና ማታ ማብራት ይበቃል። ሰው የማይጠፋበት ቤት ከሆነ ያለ ቅመም የነጠረ ቅቤ ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ ረዘም ያለ ወፍራም የጥጥ ክር፣ የመስታወት መከለያ፣ ከሥሩም አሸዋ የተሞላ የብረት ትሪ ያስፈልጋል። የከሰለውን ጫፍ ከመቁረጥዎ በፊት ከዋናው መብራት ትንሽ መብራት ይለኩሱ፤ ዋናው ቢጠፋ ከእሱ መልሰው ያበሩታል። መጋረጃ በአቅራቢያው አይኑር።

የየዕለቱ አምልኮ

ታጥበው ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቀመጡ። መጀመሪያ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሽ ይጠራል፣ ቀጥሎ ካላሹ፣ ከዚያ ዴቪ። አሥራ ስድስቱን ስጦታ ማቅረብ ላልቻለ አምስቱ በቂ ናቸው፦ የሰንደል ቅባት፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ምግብ። ቀይ አበባ፣ በተለይ ሂቢስከስ፣ ይወደዳል። በየቀኑ ከዴቪ ዘጠኝ ገጽታዎች አንዷ ትታሰባለች፦ ሻይላፑትሪ፣ ብራህማቻሪኒ፣ ቻንድራጋንታ፣ ኩሽማንዳ፣ ስካንዳማታ፣ ካትያያኒ፣ ካላራትሪ፣ ማሃጋውሪ፣ ሲዲዳትሪ።

ንባቡ ዴቪን የሚያወድሰው ዴቪ ማሃትምያ የተባለው መጽሐፍ ነው፤ 700 ጥቅሶች በ13 ምዕራፎች። በሦስት ቀን የሚያነብ ሰው አንደኛውን ምዕራፍ፣ ከዚያ ከ2 እስከ 4፣ ከዚያ ከ5 እስከ 13 ይከፍለዋል። ምዕራፍ መካከል ላይ ማቋረጥ አይገባም። ጊዜ የሌለው ከአምስተኛው ምዕራፍ «ያ ዴቪ ሳርቫ ቡቴሹ» የሚለውን ውዳሴ ብቻ ያንብብ። ዘጠኝ ፊደል ያለውን የቻሙንዳ (የዴቪ ሌላ ገጽታ) ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል፣ ግን ከመምህር ሳይቀበሉ ከኢንተርኔት ለቅሞ መድገም ተገቢ አይደለም።

ጾሙ እህል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የለበትም፤ ድንች፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና የድንጋይ ጨው ይፈቀዳል። የስኳር ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይጹሙ።

ልጃገረዶቹ

በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ከ2 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች እንደ ዴቪ ይከበራሉ። ዘጠኝ ቢሆኑ መልካም ነው፤ ሁለትም ቢገኙ ይፈጸማል። እግራቸው ይታጠባል፣ ቀይ ክር ይታሠርላቸዋል፣ ፑሪ (በዘይት የተጠበሰ ቂጣ)፣ ጥቁር ሽምብራና የሰሞሊና ሃልዋ (ጣፋጭ) ይቀርብላቸዋል፣ ስጦታም ይሰጣቸዋል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጠዋት ስለሚጠራቸው አምስተኛው ቤት ሲደርሱ ጠግበው ይጨነቃሉ። ትንሽ ያቅርቡ፣ የቀረውን ቋጥረው ይስጧቸው። ብሉ ብሎ ማስገደድ ክብር አይደለም።

ማንሣት

በአሥረኛው ቀን ካላሹን በጥቂቱ ነቅነቅ አድርገው ዴቪን ይሰናበቱ። ውሃው በማንጎ ቅጠል ቤቱ ውስጥ ይረጫል፣ የተረፈው ተክል ሥር ይፈስሳል። ሳንቲሙ ገንዘብ በሚቀመጥበት ቦታ ይቆያል። ኮኮናቱ ተሰብሮ ለቤተሰቡ ይከፋፈላል፤ ከሸተተ አይብሉት፣ አፈር ውስጥ ይቅበሩት። ቡቃያው ለዘመድ ይታደላል፣ ቀሪው ከነአፈሩ ወደ አትክልት ቦታ ይሄዳል። የጭቃ ምስል ካለ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ የጀሶ ምስል ስለማይሟሟ ወንዝ ውስጥ አይጣል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥ።