የጥርስና የድድ ችግሮች ከአመጋገብ አንጻር፦ ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሄ

ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ጥርስ ይጠዘጥዛል

ጥርስን የሚቦረቡረው ስኳሩ ራሱ ሳይሆን፣ ጥርስ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ተመግበው የሚያመነጩት አሲድ ነው። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል፤ ምራቅ ይህን አሲድ ለማርገብ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። በመሆኑም ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ የሚጎዳው፣ በቀን ውስጥ ጣፋጭ የሚቀመስበት ጊዜ ብዛት ነው። ቡናችንን እንመልከት፦ አቦሉ በስኳር ተጠጥቶ ምራቅ ሥራውን ሳይጨርስ ቶናው ይቀዳል፤ እርሱም ሳይበርድ በረካው ይከተላል። ሦስቱም ስኒዎች ስኳር ካላቸው ጥርሱ የማገገሚያ ፋታ አያገኝም። ከሰዓት በኋላ በሻይና በብስኩት ሲደገም ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

መፍትሄው ቡናን መተው አይደለም፤ ስኳሩን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያለ ስኳር መልመድ ነው። ይህ ለጊዜው ከከበደ አቦሉን ብቻ አጣፍጦ ቀሪዎቹን ባዶ መጠጣት፣ በመጨረሻም አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ይረዳል። ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ገና ያልተሸነቆረን ጥርስ ሊያድን ይችላል። ቀዳዳ ከተፈጠረ ግን የሚደፍነው ሐኪም ብቻ ነው።

ሲቦረሽ ድድ ይደማል

ዋናው ምክንያት በድድ ጠርዝ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ብዙ ሰው ደም ሲያይ መቦረሹን ያቆማል፤ ይህ ግን ችግሩን ያባብሰዋል። በለስላሳ ብሩሽ የድዱን ጠርዝ በቀስታ ማጽዳት ይገባል። የቫይታሚን ሲ እጥረትም ድድን ያሳብጣል፣ ያደማል፤ ጥሬ ቃሪያ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካንና ፓፓያ ይህን ቫይታሚን በብዛት ይሰጣሉ። ጎመንም አለው፤ ነገር ግን ረጅም ሰዓት ሲቀቀል አብዛኛው ይጠፋል። መድማቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ የጥርስ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ የስኳር ሕመምም ድድን ስለሚጎዳ ምርመራው አይታለፍ።

የጥርስ ጫፍ ይሳሳል

ሎሚ መምጠጥና ለስላሳ መጠጥ ማዘውተር የሚያመጣው ጉዳት ነው። አሲድ ያለሰለሰውን ጥርስ ወዲያው መቦረሽ ስለሚፍቀው፣ በውሃ ተጉመጥምጦ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል።

ቡናማ ነጠብጣብ ከልጅነት ጀምሮ ይታያል

እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከጉድጓድ ውሃ የሚገኝ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ነጠብጣቡ በመቦረሽ አይለቅም፤ ውሃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያስወግደውም፣ እንዲያውም ያከማቸዋል። ቋሚ ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ለልጆች ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ወይም የዝናብ ውሃ መስጠት ችግሩን ይከላከላል።